በሁለተኛው ዙር "በቃኝ" ያለ ልጅ ይመለሳል ወይስ አለቀለት?

የቀሃው_ጎረቤት፦
ሰላም ጎንደሮች። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ቡጢ የሚሠራ የ19 ዓመት ልጅ አለ። ስሙን አልጽፍም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ እናንተም አትጻፉ በሞቴ። ከፋሲካ በፊት በነበረ ውድድር ላይ ሁለተኛው ዙር አጋማሽ ሲደርስ ጀርባውን ለተጋጣሚው ሰጥቶ ወደ ጥግ ሄደና ለዳኛው በእጁ "በቃኝ" አለ። አልወደቀም። አልደማም። ቆሞ ነው የተወው። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ቦታ ድርሽ አላለም። ፒያሳ ሲያልፍ ሊስትሮዎቹ ሳይቀሩ ሁለት እጃቸውን አንስተው "ማሩኝ!" ይሉታል። እሱም እንደ ቀልድ ቆጥሮ ይስቃል፣ ግን መንገድ ቀይሯል፣ አሁን በወንዙ በኩል ዞሮ ነው ቤቱ የሚገባው። እኔ ቡጢ ብዙም አላውቅም። እንዲህ ያደረገ ልጅ ተመልሶ ቡጢኛ ይሆናል? ወይስ ሌላ ነገር ሞክር እንበለው?

ግራ_ቡጢ፦
አለቀለት። ቅር አይበልህ ወንድሜ፣ ስለጠየቅህ ነው። እኔ በጉብዝናዬ ጓንት አጥልቄያለሁ፣ ተዘርሬም አውቃለሁ። መዘረር ወግ ነው፣ ሁሉም በየተራው ያገኘዋል። ቆሞ፣ ዓይኑ እያየ፣ እግሩ እየረገጠ "በቃኝ" ማለት ግን ሌላ ነው። አንዴ በሩን ያየ ሰው ሲጨንቀው ሁልጊዜ የሚታየው በሩ ነው። ደግሞ የት አገር! የቴዎድሮስ አገር! መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብሎ ጥይት የጠጣ ንጉሥ አገር ልጅ በሁለተኛው ዙር እጅ ይሰጣል?

ዘንቢል_ያዥ፦
አያ ግራ ቡጢ፣ አፄ ቴዎድሮስን እዚህ ምን አመጣቸው? እሳቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነበሩ። ይሄ ልጅ የሦስት ዙር ግጥሚያ ላይ ነው። ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ለቅሶ ደርሰህ ንፍሮ በልተህ ትመለሳለህ፣ እናቱ ናት የምትቀረው። እኩያህ ስለሆንኩ ነው እንዲህ የምናገርህ።

ሌሊት_አይተኛም፦
ጋሼ ግራ ቡጢ፣ "አንዴ በሩን ያየ" የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬያለሁ። ታሪኩ ግን ያን አይልም። ሮቤርቶ ዱራንን ያስታውሱ፣ ፓናማዊውን። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1980 ሞንትሪያል ላይ ተሸንፎ የማያውቀውን ሹገር ሬይ ሌናርድን በነጥብ አሸነፈ። ከዚያ ድሉን ሲበላና ሲጠጣ ከረመ፣ ኪሎው ተቆለለ፣ አምስት ወር እንዳለፈ የመልሱ ግጥሚያ መጣ። ኅዳር ላይ ኒው ኦርሊንስ፣ ሌናርድ አልጋጠም አለው፣ ይሸሸዋል፣ ቀኝ ክንዱን እያሽከረከረ በግራው ፊቱን ይነካዋል፣ ሰው ይስቃል። ስምንተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ዱራን እጁን አወናጭፎ ጀርባውን ሰጠ። አልወደቀም፣ አልደማም፣ ልክ እንደዚህ ልጅ። ያውም የዓለም ቀበቶ ወገቡ ላይ እያለ።

ከዚያስ? ወዲያው አልተነሣም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። 1982 ላይ በዊልፍሬድ ቤኒቴዝ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ማንም ባልገመተው በከርክላንድ ሌይንግ ተሸነፈ። ሰው ሁሉ ቀበረው። ሰኔ 1983 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ፣ 32 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ዴቪ ሙርን ዓይኑ እስኪዘጋ ቀጥቅጦ በሦስተኛ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ከማርቪን ሃግለር ጋር 15 ዙር ሙሉ ቆመ። 1989 ላይ በ37 ዓመቱ አይራን ባርክሌይን አሸነፈ። እንግዲህ በሩን ያየ ሰው ይሄ ነው።

በዕድሜ የሚቀርበው ደግሞ ቪክቶር ኦርቲዝ ነው። ሰኔ 2009 ሎስ አንጀለስ ላይ ከማርኮስ ማይዳና ጋር ሲገጥም 22 ዓመቱ ነበር። ማይዳናን ሦስት ጊዜ ጥሎታል! ስድስተኛው ዙር ላይ ራሱ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ከዚያ አልቀጥልም አለ። ይባስ ብሎ ሪንግ ውስጥ ማይክ ሲይዙለት እንዲህ መደብደብ አይገባኝም ብሎ ተናገረ። አሜሪካ ውስጥ ያላሾፈበት የለም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 2011፣ ያልተሸነፈውን አንድሬ ቤርቶን ገጠመ። ሁለት ሁለት ጊዜ ተጣጣሉ፣ ኦርቲዝ ሁለቴም ተነሣ፣ በነጥብ አሸንፎ የደብሊው ቢ ሲን (የዓለም ቡጢ ምክር ቤትን) ቀበቶ ወሰደ።

ግራ_ቡጢ፦
ጎበዝ። ኦርቲዝን ስላነሣህልኝ ደስ ብሎኛል። ታዲያ ጨርሰው እንጂ፣ ለምን ጎማምደህ ታቀርባለህ? 2012 ላይ ከጆሴሲቶ ሎፔዝ ጋር በነጥብ እየመራ ከዘጠነኛው ዙር በኋላ ወንበሩ ላይ ቀረ። በሩ እዚያው ነበር። እኔ ያልኩት ይኸንኑ ነው።

ሌሊት_አይተኛም፦
መንጋጋው ተሰብሮ ነው እኮ ጋሼ! የተሰበረ መንጋጋ ይዞ ምን ያድርግ?

ግራ_ቡጢ፦
ይዋጋ።

ዘንቢል_ያዥ፦
እግዚኦ።

የሩጫ_ልጅ፦
እኔ የምለው፣ ለምን ፓናማ ድረስ እንሄዳለን? ኃይሌ ሚያዝያ 2007 የለንደን ማራቶንን 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አቋርጦ ወጣ፣ በዚያው ዓመት መስከረም በርሊን ላይ 2:04:26 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ቀነኒሳ አምስት ዓመት ሙሉ አገር አቋራጭን በአጭሩም በረጅሙም ማንም ሳይቀድመው ኖሮ በዚያው 2007 ሞምባሳ ላይ በሙቀቱ የመጨረሻው ዙር ላይ ወጣ፣ ዘረሰናይ ታደሰ አሸነፈ። በዓመቱ ኤደንብራ ላይ ጫማው ወልቆበት፣ ቆሞ አድርጎ፣ እንደገና ደርሶባቸው ወርቁን ወሰደ። በማራቶንም ስንቴ አቋርጦ ወጥቶ 2019 በርሊን ላይ 2:01:41 የሮጠ ሰው ነው። አበበ ራሱ ሜክሲኮ ላይ በጉዳት 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወጥቶ ነው ማሞ ወርቁን ያመጣው። አበበን ፈሪ የሚል አለ?

ግራ_ቡጢ፦
ሩጫ ሌላ፣ ቡጢ ሌላ። ሯጭ ሲያቋርጥ ከራሱ ጋር ነው የሚጣላው፣ ተከታትሎ የሚመታው የለም። ቡጢ ውስጥ ግን የሚቀጥለው ተጋጣሚህ ያን ቪዲዮ አይቶ ነው የሚመጣው። "ይሄ ልጅ ትንሽ ከገፉት ይወጣል" ብሎ በመጀመሪያው ደቂቃ ይዘንብበታል። ዱራንም ኦርቲዝም ያን ከፍለዋል።

የሩጫ_ልጅ፦
እሱስ ልክ ነዎት ጋሼ። ግን ከፍለው ተመለሱ አይደል?

ነጭ_ገዋን፦
ይቅርታ፣ እኔ በጀግንነቱ ክርክር አልገባም። ነርስ ነኝ። ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ፦ ልጁ የት ተመትቶ ነው ያቆመው?

በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ ጉበቱ ላይ ተመትቶ ከሆነ፣ ያ ምት ሰውን የሚያጥፈው ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ነው። ጭንቅላቱ ንጹሕ ነው፣ ስሙን ብትጠይቁት ይነግራችኋል፣ ትንፋሹ ግን ይዘጋል፣ እግሩም አልታዘዝም ይላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው "ምንም ሳይሆን ተወው" ይመስላል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ራስ ምታት አለው? ያስመልሰዋል? ብርሃን ይጠላል? እንቅልፉ ተዛብቷል? አንዱም ካለ ቡጢ ይቅርና ኳስ በቴስታ መምታት የለበትም። በጭንቅላት ምት የተዘረረ አማተር ቢያንስ 30 ቀን ከልምምድ ፍልሚያ ሳይቀር ይታገዳል፣ ከተደጋገመ እገዳው ይረዝማል። ይሄ ልጅ ስላልተዘረረ ማንም ያየው ያለ አይመስለኝም።

እንግሊዛዊው ዳንኤል ዱቧ ኅዳር 2020 ከጆ ጆይስ ጋር በአሥረኛው ዙር ተንበርክኮ ሲቆጠርበት የ23 ዓመት ልጅ ነበር። የቀድሞ ቡጢኞች ሳይቀሩ ተወው ብለው ወረዱበት። ሲመረመር የግራ ዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰብሯል። እንዲህ ያለ ስብራት ይዞ አፍንጫን መናፈጥ እንኳ አየሩን ወደ ዓይን ስለሚያስገባ ይከለከላል፣ እናንተ ቀጥል ትሉታላችሁ።

ሌሊት_አይተኛም፦
እሱን እኔ ልጨምር ነበር ቀደምሽኝ። ዱቧ በ2024 መስከረም ዌምብሌይ ላይ አንቶኒ ጆሹዋን ደጋግሞ ጥሎ በአምስተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። በመሃል በ2023 በዩክሬናዊው ዩሲክ ተሸንፏል፣ በ2025ም በእሱው በድጋሚ ተሸንፏል። ማለቴ መልአክ አልሆነም፣ ግን ፈሪ የሚለው ስም ተፋቀ።

ቪታሊ ክሊችኮም አለ። በ2000 በርሊን ላይ ክሪስ በርድን በነጥብ እየመራ ከዘጠነኛው ዙር በኋላ ትከሻዬ ተቀደደ ብሎ ቆመ። ልብ የለውም ተባለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከሌኖክስ ሉዊስ ጋር ፊቱ ተተልትሎ ደም እየጠጣ "ልቀጥል" ሲል ሐኪሙ ነው ያስቆመው። ያን ዕለት ነው ስሙን ያስመለሰ፣ ያውም ተሸንፎ!

ሳክ_ያዥ፦
ስታዲየሙ አካባቢ ልጆች አሠለጥናለሁ፣ ልጁ ግን የእኔ አይደለም። ክርክራችሁን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ሁላችሁም ስለ ልጁ ታወራላችሁ። ጥጉ ላይ ማን ነበር? አሠልጣኙ የት ነበር? ቡጢ ውስጥ ልጁ እጁን እንዳያነሣ "ይቁም" ብሎ ፎጣውን የሚወረውርለት ሰው አለ፣ ሥራው እሱ ነው። ማኒላ ላይ በ1975 ጆ ፍሬዘር 14 ዙር ተደብድቦ ዓይኑ ተዘግቶ "ልቀጥል" እያለ ነው አሠልጣኙ ኤዲ ፉች አይሆንም ያለው። ፍሬዘርን ማንም ፈሪ አላለውም፣ ምክንያቱም ነውሩን አሠልጣኙ ነው የተሸከመለት። እዚህ ግን የ19 ዓመት ልጅ ራሱ ፍርድ እንዲሰጥ ተተወ። ሰውየው ቀድሞ ቢያስቆመው ይሄ ውይይት ራሱ አይኖርም ነበር።

ሁለት_ጓንት፦
እንግዲህ ልናገር። ከልጁ ጋር አንድ ክለብ ነን። የክለቡን ስም አልጠራም።

ልጁ የ60 ኪሎ ቡጢኛ ነው። እንዲያውም ሲበላ 61 ይገባል። ለውድድሩ ግን 60 ላይ ሌላ ልጅ ስላለን አንተ 57 ውረድ ተባለ። ሁለት ሳምንት ነው የተሰጠው፣ ያውም በዐቢይ ጾም። እንደምታውቁት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም፣ ከዚያም ሽሮ ነው፣ እሱንም ቀነሰ። ሌሊት 11 ሰዓት ጃኬቱ ሥር የማዳበሪያ ላስቲክ ለብሶ የጎሃን ዳገት ይሮጣል፣ ሲጨርስ ላስቲኩን ሲያወልቅ ውኃው ጫማው ውስጥ ይንጠፈጠፋል። የመጨረሻውን አንድ ቀን ተኩል ውኃ አልጠጣም፣ አፉን ተጉመጥምጦ ይተፋል። ጠዋት ሚዛን ላይ ፎጣ ጋርደንለት ራቁቱን ነው የወጣው፣ ለጥቂት አለፈ። ከሰዓት በኋላ ገጠመ። አንደኛውን ዙር አሸንፏል፣ ይህን ማንም አይናገርም። ወደ ጥግ ሲመጣ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ የጥርስ መከላከያውን በጣቴ ነው ያወጣሁለት። ከዚያ ሁለተኛው ዙር ሆነ፣ ያያችሁትን አያችሁ።

ነጭ_ገዋን፦
ይኸው። ውኃ የሌለው ሰውነት እኮ ልቡ ይሮጣል፣ እግሩ ይከብዳል፣ የሚመጣውን ቡጢ እያየ ማምለጥ ያቅተዋል። ሦስት ኪሎ ለመቀነስ ብላችሁ ልጁን ልትገድሉት ነበር።

አዘዞ_ሰው፦
እኔ ድሮም ብያለሁ፣ በጾም ውድድር ይቅር።

ዘንቢል_ያዥ፦
ጾሙን አትንኩብኝ። ጾሙ አይደለም ውኃ የከለከለው፣ ሚዛኑ ነው። ለዚያውም የንስሐ አባቱን ቢያማክር ለሥራው የሚሆን ነገር ይነግሩት ነበር፣ ማን ጠየቃቸው?

ግራ_ቡጢ፦
ውኃውን ሰማሁ። አዝኛለሁ፣ ያደረገው ሰው ይጠየቅ። ግን እኛም ኪሎ አውርደናል፣ ምራቃችንን እየተፋን ሚዛን ወጥተናል፣ እጅ አልሰጠንም። አሁን ሁሉም ምክንያት ሊያቀርብለት ተሰልፏል። ልጁ ራሱ ምን አለ? አንድም ሰው የልጁን ቃል አልጻፈም።

ያው_እኔው፦
እኔ ነኝ። ሊንኩን ጓደኛዬ ላከልኝ።

ጋሼ፣ ምክንያት አቅርቡልኝ አላልኩም። የኪሎው ነገር እውነት ነው። ግን በእሱ ብቻ አታሳቡልኝ። ከአንደኛው ዙር በኋላ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ "ገና ሁለት ዙር አለ" ስል ሆዴ ተገለባበጠ። ተጋጣሚዬ ሲመታ ይከብዳል። ሆዴን አገኘኝ፣ በቀኝ በኩል፣ እህቴ እንዳለችው፣ ትንፋሽ አጣሁ። ትንፋሼ ግን ተመልሶ ነበር። ተመልሶልኝ ነው የዞርኩት። ፈራሁ፣ በቃ። ውኃ ጠጥቼም ቢሆን እፈራ ነበር ይሆናል። ራስ ምታት የለኝም፣ ማስመለስም የለም። ሊስትሮዎቹን ቻልኳቸው። እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነው፣ አንደኛውን ዙር አሸንፌ ሦስተኛው ምን ይመስል እንደነበር ሳላይ መውጣቴ።

የቀሃው_ጎረቤት፦
አይ የኔ ልጅ። እዚህ መጻፌን ብትቆጣኝ አይፈረድብህም።

ያው_እኔው፦
አልተቆጣሁም ጋሼ። እናቴ እንዳታይ ብቻ።

ነጭ_ገዋን፦
ራስ ምታት የለም ማለትህ ደስ ይላል። ለማንኛውም አንዴ ታይ፣ ዓይንህንም ጨምረህ። ከዚህ በኋላ 57 የሚልህ ሰው ካለ እኔ ጋ ላከው።

ግራ_ቡጢ፦
"ፈራሁ" ስላለ እንዳታጨበጭቡ። እኔም ፈርቻለሁ፣ የማይፈራ ቡጢኛ አላየሁም። ፈርቼ ግን አልወጣሁም። ልዩነታችን እዚያ ላይ ነው።

ሳክ_ያዥ፦
ጋሼ፣ ያቺን ልዩነት ማሠልጠን ይቻላል ነው የምንለው።

አንተ ልጅ፣ ስማኝ። የመጀመሪያ ጥፋት የሚሆነው ያንኑ ተጋጣሚ በቶሎ አምጡልኝ ማለት ነው። ስንቱ እንደዚያ ብሎ ተሰብሯል። ዱራንም ሌናርድን ድጋሚ ያገኘው ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ብላ፣ ጠጣ፣ 60 ላይ ቁም። ከዚያ ስፓሪንግ፣ ማለት የልምምድ ፍልሚያ፣ ጭንቅላት የለም፣ ሆድ ለሆድ ብቻ፣ ከሚከብድህ ሰው ጋር። አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ትንፋሽህ ሲዘጋ እጅህን ሰብስበህ፣ ክንድህን ጎንህ ላይ ለጥፈህ፣ እግርህን እያንቀሳቀስክ እስኪመለስ መጠበቅ ትማራለህ። ያ ቴክኒክ ነው፣ ወንድነት አይደለም፣ እንደ ጃብ፣ እንደ ፊት እጅ ቀጥታ ቡጢ፣ ይለመዳል። ሲያቅትህ ተጋጣሚህን እቀፈው፣ ዳኛው እስኪለያያችሁ ትንፋሽ ትገዛለህ። አንተ ያን ዕለት ማቀፍ ስትችል ዞርክ፣ ማንም አላስተማረህም ማለት ነው። ሦስት ዙር ሙሉ ሳትቆም ከጨረስክ በኋላ ስለ ውድድር እናወራለን። ለዚያውም ትንሽ ውድድር፣ ሰው የማይሞላበት።

አሠልጣኝህን ግን ወይ ፊት ለፊት አነጋግረው ወይ ቀይረው። ሦስት ኪሎ ያወረደህ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ ዝም ካለ ሁለተኛም ዝም ይላል።

የሩጫ_ልጅ፦
ጥያቄ አለኝ። 60 ላይ ሌላ ልጅ አለ ተብሏል። እሱስ ምን ሊሆን ነው? ወይስ ያ ልጅ 63 ተኩል ሊወጣ?

ሁለት_ጓንት፦
አልወጣም።

የሩጫ_ልጅ፦
ኧ? አንተ ነህ እንዴ?

ሁለት_ጓንት፦
አዎ እኔ ነኝ። 60 ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። እሱ ለእኔ ሲባል ነው 57 የወረደው፣ እኔም ዝም ብዬ አየሁ፣ እንዲያውም ላስቲኩን የገዛሁለት እኔ ነኝ። ስለዚህ ቦታህን ልመልስልህ ብዬ ላለቅስ አይደለም። ስማ አንተ፣ ሰኞ ልምምድ አለ። ሳትራብ፣ ሳትጠማ፣ በኪሎህ ና። ሳክ ያዥ እንዳሉት ወር ሁለት ወር አብረን እንሠራ፣ ሆድ ለሆድ እኔ እሆንልሃለሁ፣ ስመታ ከባድ ነኝ። ከዚያ ቦታዋን ሦስት ዙር ገጥመን ያሸነፈ ይውሰዳት። በነጻ አልሰጥህም። ብትዞርብኝ ደግሞ ተከትዬ እመታሃለሁ።

ያው_እኔው፦
የጥርስ መከላከያዬን አንተ ጋ ረስቼዋለሁ።

ሁለት_ጓንት፦
አጥቤዋለሁ።

ግራ_ቡጢ፦
የምትገጥሙበትን ቀን ጻፉልን። መጥቼ አያለሁ። እኔ አሁንም በሩን ነው የሚያየው ባይ ነኝ።

ዘንቢል_ያዥ፦
እኔም እመጣለሁ፣ ቆሎ ይዤ። ለአያ ግራ ቡጢ ግን አልሰጥም።